ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ? ካኖንና ኒኮንን ከሶኒና ከፉጂፊልም ጋር አወዳድሮ ለሚገዛ ሰው

«ካኖን ይሻላል ወይስ ሶኒ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አሁን በእጃችሁ ያለው ሌንስ የትኛው ነው? አብዛኛውን ጊዜ የምትሠሩትስ ምንድን ነው፦ ሰርግ፣ ስቱዲዮ፣ ዜና ወይስ ዩቲዩብ? ቦዲ (ሌንሱ የሌለበት የካሜራው አካል) በጥቂት ዓመታት ይቀየራል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሦስት ቦዲ አሳልፎም ይሠራል። ስለዚህ ካሜራ የሚገዛ ሰው ዋናው ግዢው ማውንቱ ነው፣ ሌንሱ የሚገጥምበት ቀለበት። እሱን ሲመርጥ ወደፊት ሌንስ ከማን እንደሚገዛና በስንት እንደሚገዛም አብሮ መረጠ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመስታወቱ ነው። ዲኤስኤልአር ውስጥ ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው ቺፕ) ፊት ለፊት በ45 ዲግሪ ያዘነበለ መስታወት አለ፤ ከሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ መልሶ በፕሪዝም በኩል ለዓይን ያደርሳል፣ ሻተሩ ሲጫን ደግሞ ተነስቶ መንገድ ይለቃል። ለዚህ እንቅስቃሴ ቦታ ስለሚያስፈልግ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት በካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር፣ በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊሜትር ነው። ሚረርለስ ማለት መስታወት አልባ ነው፤ መስታወቱ ሲወጣ ርቀቱ አጠረ፦ ሶኒ ኢ 18፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ኒኮን ዜድ 16፣ ፉጂፊልም ኤክስ 17.7 ሚሊሜትር። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፤ ብዙ የግዢ ስሕተት የሚመጣው እነሱን ካለማወቅ ነው። የዲኤስኤልአር ሌንስ በአዳፕተር ሚረርለስ ላይ ይሠራል፤ ምክንያቱም አዳፕተሩ የጎደለውን ርቀት ይሞላል። የሚረርለስ ሌንስ ግን ዲኤስኤልአር ላይ አይሠራም፣ ትርፍ ርቀትን የሚቀንስ ቀለበት የለምና። ቀስ በቀስ መሸጋገር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ቦዲውን፣ ከዚያ ሌንሱን መቀየር ያለበት ለዚህ ነው።

ነባሮቹ ካኖንና ኒኮን ለምን ዘገዩ፣ ገዢውንስ ምን አገባው

ፓናሶኒክ የመጀመሪያውን ሌንሱ የሚቀያየር ሚረርለስ፣ ጂ1ን፣ ያወጣው በ2008 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሶኒ በ2010 በኔክስ ካሜራዎቹ ገባ፤ በ2013 ደግሞ ኤ7ን አውጥቶ ፉል ፍሬም ሴንሰር (የ35 ሚሊሜትር ፊልምን የሚያህል ትልቁን) ትንሽ ሚረርለስ ቦዲ ውስጥ አስገባ። ሶኒን «አዲስ» ማለትም በልኩ ነው፤ በ2006 የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ የወረሰ ድርጅት ነውና። ካኖንና ኒኮን ቴክኖሎጂው ጠፍቷቸው አልነበረም። ጥሩ ሚረርለስ ቢያወጡ የሚፎካከረው ከራሳቸው ዲኤስኤልአር ጋር ነበር። ስለዚህ ኒኮን በ2011 ባለ አንድ ኢንች ሴንሰሩን ኒኮን 1፣ ካኖን በ2012 ኢኦኤስ ኤምን አቀረቡ፤ ሁለቱም ዋናውን ገበያ እንዳይነኩ ተብለው የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች በፉል ፍሬም ሚረርለስ የመጡት በ2018 ነው፣ ኒኮን በዜድ6 እና ዜድ7፣ ካኖን በኢኦኤስ አር። በ2020 ወደ ገበያ የተላከው ሚረርለስ ቁጥሩ ከዲኤስኤልአር በለጠ፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከወጡት ከካኖን 850ዲና 1ዲኤክስ ማርክ 3፣ ከኒኮን ዲ780ና ዲ6 ወዲህ ከሁለቱም አዲስ ዲኤስኤልአር አልመጣም።

ከዚህ ታሪክ ለገዢው የሚጠቅመው ወራሽ ያላገኙትን ማውንቶች ማወቁ ነው። ኒኮን 1 ቆሟል። ሳምሰንግ ኤንኤክስ ቆሟል። የሶኒ ኤ ማውንትም ቆሟል። በተለይ የምናስጠነቅቀው ስለ ካኖን ኢኤፍ-ኤም ነው፤ ኤም50 ያገለገለ ሆኖ በርካሽ ይገኛል፣ ፎቶውም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ኢኤፍ-ኤም ርቀቱ 18 ሚሊሜትር፣ አርኤፍ 20 ስለሆነ የኤም ሌንስ በምንም አዳፕተር ወደ አዲሶቹ የካኖን አር ካሜራዎች አይሻገርም። ኤም50ን ከኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው) ጋር ገዝቶ እስኪያረጅ መጠቀም ያዋጣል፤ ለእሱ ብሎ ሌላ ሌንስ መግዛት ግን ገንዘብ መቅበር ነው።

ፎከስ፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው

ዲኤስኤልአር በቪውፋይንደር (ዓይን በሚጠጋበት መመልከቻ) ሲተኮስ ፎከሱን የሚለካው በፎቶው ሴንሰር አይደለም። ከዋናው መስታወት ጀርባ ያለች ትንሽ ሁለተኛ መስታወት ብርሃኑን ወደ ታች፣ ካሜራው ወለል ላይ ወዳለ ሌላ መለኪያ ትልካለች። ወደ መለኪያው የሚሄደውና ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው መንገድ በጥቂቱ እንኳ ከተለያዩ ካሜራው «ያዝኩ» ብሎ ይጮኻል፣ ፎቶው ላይ ግን ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ጠርቶ ይገኛል። ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት፦ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከ2 ሜትር ርቀት ፉል ፍሬም ላይ የሚጠራው ጥልቀት 6 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በኤፍ 1.4 ከ1.5 ሜትር ሲሆን ወደ 2.6 ሳንቲሜትር ይወርዳል።

ያለችሁን ዲኤስኤልአር ከመሸጣችሁ በፊት ችግሩ ይህ መሆኑን አረጋግጡ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሙ። ፊደሉ ጎላ ያለ የታተመ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት 50 እጥፍ ራቁ፤ ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ 2.5 ሜትር ማለት ነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ የመሃሉን የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡ፣ በቪውፋይንደር አምስት ፎቶ አንሱ፤ ከእያንዳንዱ በፊት የፎከስ ቀለበቱን ወደ መጨረሻው አዙራችሁ አበላሹት። ከዚያ በላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን እያያችሁ) ሌላ አምስት አንሱ። በላይቭ ቪው ካሜራው በራሱ በፎቶው ሴንሰር ስለሚለካ የመስታወቱ ስሕተት አይነካውም። የላይቭ ቪው ፎቶዎች ጠርተው የቪውፋይንደሮቹ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከደበዘዙ ችግሩ የማስተካከያ ነው፤ አንዱ ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ ግን የሌንሱ ሞተር ወይም የእጅ ጉዳይ ነው። እንደ ካኖን 6ዲና 5ዲ ማርክ 3፣ እንደ ኒኮን ዲ7200ና ዲ750 ያሉት ከ-20 እስከ +20 የሚደርስ የማስተካከያ ሜኑ አላቸው፤ ፕላስ ፎከሱን ወደ ኋላ፣ ማይነስ ወደ ፊት ይገፋል። ኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ፣ የካኖን ጀማሪ ሞዴሎችም ይህ ሜኑ የላቸውም፤ ለእነሱ መፍትሔው ጥገና ቤት ወይም ሌላ ሌንስ ነው።

ሚረርለስ በፎቶው ሴንሰር ራሱ ስለሚለካ ይህ በሽታ አይዘውም። ሌላው ትርፉ ስፋቱ ነው። 5ዲ ማርክ 3 ያሉት 61 ነጥቦች መሃል አካባቢ የተሰበሰቡ ናቸው፤ 6ዲ 11 ብቻ ነው ያለው፣ ከእነዚያም በደብዛዛ ብርሃን የሚታመነው የመሃሉ ነው። ስለዚህ 6ዲ የያዘ ሰው በመሃሉ ነጥብ ፎከስ ይዞ ካሜራውን ያዘነብላል፣ በኤፍ 1.8 ደግሞ ያቺው ማዘንበል ፎከሱን ታስታለች። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 (2018) 693 ነጥቦች ሲኖሩት የፍሬሙን 93 በመቶ ይሸፍናሉ፤ ሙሽራዋ ዳር ላይ ብትቆምም ዓይኗን ይከተላል። ይህ ያለማቋረጥ ዓይን የመከተል ችሎታ ሙሉ ሆኖ የመጣው በ2019 በፈርምዌር 3.0 ስለሆነ ያገለገለ ኤ7 ማርክ 3 ስታገኙ ቨርዥኑን ሜኑ ውስጥ እዩ፤ ዝቅ ካለ በነጻ ይታደሳል።

ሚረርለስም የራሱ ጣጣ አለው። ሰው በበዛበት አዳራሽ ዓይን መከተያው ከኋላ ወደቆመው እንግዳ ይዘላል፤ ነጥቡን በጆይስቲክ ወይም በስክሪን ንክኪ በሙሽራው ላይ አስቀምጦ ከዚያ መከተል ማስጀመር ይሻላል። በዳንስ ሰዓት መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍላሹ ወይም ትሪገሩ ላይ ያለውን ቀይ የፎከስ ማገዣ ብርሃን አብዛኛው ሚረርለስ አይጠቀምበትም፤ በዚህ ጨለማ ጥሩ ዲኤስኤልአር ከነፍላሹ ርካሽ ሚረርለስን ሲያስከነዳ ይታያል። ከዲኤስኤልአር ወደ ሶኒ የተሻገረ ስቱዲዮ ደግሞ መጀመሪያ የሚደነግጠው ቪውፋይንደሩ ሲጨልምበት ነው፦ አይኤስኦ 100፣ 1/160፣ ኤፍ 8 ላይ ስክሪኑ ያለ ፍላሽ የሚሆነውን ፎቶ በታማኝነት ስለሚያሳይ ጥቁር ይሆናል። ካሜራው አልተበላሸም፤ ሶኒ ላይ የላይቭ ቪው ማሳያን ሴቲንግ ውጤት፣ ካኖን ላይ የኤክስፖዠር ሲሙሌሽንን ማጥፋት ነው።

ለእኛ አገር ሥራ ግን ይኸው ማሳያ ትልቅ ጥቅም አለው። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላ የካሜራ መለኪያ ነጩን ወደ ግራጫ ይጎትተዋል፤ ዲኤስኤልአር ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ከ+2/3 እስከ +1 ጨምሮ ያነሳል፣ የማያውቅ ደግሞ ፊቱን አጨልሞ ቤቱ ይገባል። ኤሌክትሮኒክ ቪውፋይንደር ከመተኮሱ በፊት ያሳየዋል። ሶኒ ላይ ዜብራውን (በጣም የነጣውን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን) 100 ላይ አድርጉና የጥለቱን ነጭ መደብ እያያችሁ መስመሮቹ እስኪጀምሩ ድረስ ብርሃን ጨምሩ፤ መስመሩ ሲታይ ትንሽ መልሱ።

ባትሪ፣ መብራትና አቧራ

በዚህ ዲኤስኤልአር አሁንም ያሸንፋል። በኢንዱስትሪው የጋራ መለኪያ ኒኮን ዲ850 በአንድ ባትሪ 1840 ፎቶ፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 900 ፎቶ ያነሳል። የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7 340 ነበር፤ ካኖን አርፒ 250 ነው። ሶኒ ችግሩን የፈታው 2280 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባለው ኤንፒ-ኤፍዜድ100 ባትሪ ሲሆን ኤ7 ማርክ 3 በቪውፋይንደር 610፣ በስክሪን 710 ይደርሳል። በተግባር በተከታታይ የሚተኩስ ሰው ከዚህ በላይ ያገኛል፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ደግሞ ብዙ ያንሰዋል። ለአንድ ሙሉ የሰርግ ቀን ለኤ7 ማርክ 3 ሦስት፣ ለአርፒ ወይም ለአር8 አምስትና ስድስት ባትሪ ያስቡ። 3000 የተጻፈበት ርካሽ ኤፍዜድ100 ቢያጋጥማችሁ ቁጥሩን አትመኑት።

መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ሚረርለስ የሚካስበት መንገድ አብዛኛው በዩኤስቢ መሞላቱ ነው፤ የአብዛኛው ዲኤስኤልአር ባትሪ ግን ቻርጀሩንና ሶኬት ይፈልጋል። ካኖን ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በዩኤስቢ የሚሞሉት የአር ካሜራዎች የሚፈልጉት ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚደግፍ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ነው፤ ተራው የስልክ ቻርጀር ሲሰካ ምንም ስለማይሆን ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ይላል።

አቧራ ደግሞ የሚረርለስ ጠላት ነው። ዲኤስኤልአር ላይ ሌንስ ሲወልቅ መስታወቱና ሻተሩ ሴንሰሩን ይከልሉታል፤ ሚረርለስ ላይ ሴንሰሩ ራቁቱን ነው። የካኖን ኢኦኤስ አር ሲጠፋ ሻተሩ ይዘጋል፤ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ላይ ይህ በሜኑ ይመረጣል፣ ኤ7 ማርክ 3 ላይ የለም። ስለዚህ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት ድፉት፣ አዲሱን ሌንስ ክዳኑን ፈትታችሁ አዘጋጅታችሁ ቀይሩ። ለማጽዳት መጀመሪያ የጎማ መንፊያ፤ የታመቀ ጋዝ ያለበት ጣሳ በፍጹም አትጠቀሙ፣ ፈሳሹ ሴንሰሩ ላይ ይረጫል። ነፋሱ ያላስለቀቀውን ለፉል ፍሬም 24፣ ለኤፒኤስ-ሲ (ከፉል ፍሬም ለሚያንሰው ሴንሰር) 16 ሚሊሜትር ስዋብ (የሴንሰር መጥረጊያ)፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ፣ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ በሌላው ፊት መልስ፣ ከዚያ ስዋቡ ይጣላል። ሴንሰሩ ተንሳፋፊ ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ) ያለው ከሆነ አትጫኑት፤ በሜኑ ወደ ማጽጃ ሁኔታ አስገቡት።

ሌንስ፦ ገንዘቡ የሚሄድበት

ካኖን በ1987 ኢኤፍን ሲያወጣ የቀድሞውን ማውንት ጥሎ ደንበኞቹን አስቀይሞ ነበር፤ ነገር ግን ኢኤፍ ከመጀመሪያው ሁሉንም ነገር፣ ዲያፍራሙንም የፎከስ ሞተሩንም፣ በኤሌክትሪክ የሚያዝ ነው። ዛሬ የዚያ ጭካኔ ፍሬ ይታያል፦ በቀላሉ አዳፕተር ማንኛውም የኢኤፍ ሌንስ በአር ካሜራ ላይ ፎከሱ ሳይጎድል ይሠራል፣ አንዳንዱም ከቀድሞ ቦዲው የተሻለ ይይዛል። ኒኮን በተቃራኒው የ1959ኙን ኤፍ ማውንት ጠብቆ ቆየ፤ ለደንበኛው ደግ ነበር፣ ለሽግግሩ ግን ከበደው። ኤኤፍ-ዲ የተባሉት አሮጌ ሌንሶች ሞተር የላቸውም፣ የሚዞሩት በቦዲው ውስጥ ባለ ብሎን ነው፤ የኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተር ይህ ብሎን ስለሌለው በእጅ ፎከስ ብቻ ይቀራሉ። ኤኤፍ-ኤስና ኤኤፍ-ፒ ግን ይሠራሉ። ሌንሳችሁ ላይ የተጻፈውን ፊደል አንብቡ።

የካኖን ሌንስ ይዞ ወደ ሶኒ መሻገርም ይቻላል፤ እንደ ሲግማ ኤምሲ-11 ያለ አዳፕተር ለፎቶ እሺ ነው። ለቪዲዮ ግን ፎከሱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ለሰርግ ቪዲዮ ይህን መንገድ አንመክርም።

አዲስ ሌንስ ለሚገዛ ሶኒ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። በ2011 የኢ ማውንትን መሠረታዊ መረጃ ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች በነጻ ከፈተ። ውጤቱ፦ የሶኒ የራሱ 24-70 ኤፍ 2.8 ጂኤም በ2200 ዶላር ገደማ ሲወጣ ታምሮን በ2018 ያመጣው 28-75 ኤፍ 2.8 800 ዶላር ነበር፣ ክብደቱም 550 ግራም። ብዙ የሰርግ ፎቶ አንሺን ከካኖን ያስኮበለለው ኤ7 ማርክ 3 ብቻውን ሳይሆን ይህ ጥንድ ነው። ካኖን በአርኤፍ በኩል በሩን ዘጋ፤ በ2022 ቪልትሮክስ ኦቶፎከስ ያላቸውን የአርኤፍ ሌንሶች ከገበያ ለማንሳት ተገደደ። በ2024 ሲግማና ታምሮን በፈቃድ መግባት ሲጀምሩ የተፈቀደላቸው ለኤፒኤስ-ሲ ሌንስ ነበር። የካኖን የራሱ አርኤፍ 24-70 ኤፍ 2.8 ሲወጣ 2300 ዶላር ነበር። በርካሹ መስመር ካኖን የተሻለ ነው፤ አርኤፍ 50 ኤፍ 1.8 በ200 ዶላር ሲወጣ የኒኮን ዜድ 50 ኤፍ 1.8 600 ዶላር ገደማ ነበር። የኒኮኑ በጥራት በጣም ይበልጣል፣ ሆኖም ለጀማሪ የዋጋው ልዩነት ሌላ ሌንስ ይገዛል።

«ሚረርለስ ቀላል ነው» ለሚለው ወሬ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦዲው ይቀላል፦ 5ዲ ማርክ 3 950፣ ኤ7 ማርክ 3 650 ግራም። ሌንሱ ግን ሴንሰሩን ይከተላል፤ የካኖን ኢኤፍ 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ 805 ግራም ሲሆን የአርኤፉ 900 ነው። በእውነት ቀላል ቦርሳ የሚፈልግ ሰው ወደ ፉጂፊልም ኤፒኤስ-ሲ ወይም ወደ ማይክሮ ፎር ተርድስ ይሂድ፤ እነዚህ ላይ ሴንሰሩ ስላነሰ ሌንሱም ያንሳል፣ በጨለማ ግን ፉል ፍሬምን አይተካከሉም።

ቪዲዮ ለሚቀርጹ

ስፔሲፊኬሽኑ ላይ «4ኬ» ስለተጻፈ ብቻ አትግዙ፤ በጥቃቅን ፊደል ያለውን አንብቡ። 5ዲ ማርክ 4፣ ኢኦኤስ አርና አርፒ 4ኬ ሲቀርጹ የሴንሰሩን መሃል ብቻ ስለሚቆርጡ ሰፊው ሌንስ ጠባብ ይሆናል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሽምግልና ስትቀርጹ ወደ ኋላ የምትሄዱበት ግድግዳ ያልቃል። ኤም50 በ4ኬ ከመቁረጡም በላይ ጥሩውን ፎከስ ያጣል። አር100ም ይቆርጣል፣ ስክሪኑም አይነካም። በአንጻሩ አር50 4ኬን በሴንሰሩ ሙሉ ስፋት እስከ 30 ፍሬም፣ አር8 ደግሞ እስከ 60 ይቀርጻሉ። ካኖን አር5 በ2020 ሲወጣ በ8ኬ መሞቁ ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ ትንንሽ የሶኒ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራዎችም፣ ለምሳሌ ኤ6300፣ በ4ኬ ይሞቃሉ። ሙሉ ስብከት ወይም ኮንፈረንስ ለሚቀርጽ ሰው ስክሪኑን ከቦዲው ገልጦ አየር ማስገባት፣ ከፀሐይ መከለልና 4ኬ ካላስፈለገ በ1080 መቅረጽ ይረዳል። ብዙ አሮጌ ካሜራ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ይቆማል፤ በቅዳሴ መሃል የሚቆም ካሜራ ባለቤቱ በቅርብ መሆን አለበት።

ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ላይ ስለ ሄርዝ አስቡ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ወይም 1/100 ካልሆነ ምስሉ ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር ይታያል። በ60 ሄርዝ አገር፣ አሜሪካም ሆነ ሳዑዲ፣ 30 ወይም 60 ፍሬም በ1/60 ወይም 1/120 ነው። ሶኒም ካኖንም ይህን በሜኑ ከኤንቲኤስሲ (የ60 ሄርዙ) ወደ ፓል (የ50 ሄርዙ) ይቀይሩታል። በጸጥታ ሻተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንሳት ያጓጓል፤ በሻማና በመስኮት ብርሃን ምንም አይልም፣ በኤልኢዲ ስር ግን ፎቶው ላይ ያው መስመር ይወጣል።

ካርዱን በስሌት ግዙ። 100 ሜጋቢት በሴኮንድ የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ 64 ጊጋ ካርድ ሰዓት ከሃያ ገደማ ይሄዳል። ካርዱ ላይ ቪ30 ወይም ዩ3 የሚል ምልክት ይኑር።

ለየሥራው የምንመርጠው

ጥሩ የኢኤፍ ሌንሶች ያለው ስቱዲዮ ወደ ሶኒ ለመሄድ ሁሉንም አይሽጥ፤ ያገለገለ ኢኦኤስ አር ወይም አር6 ከአዳፕተር ጋር ይበቃዋል። ምንም ሌንስ ሳይኖረው የሰርግ ሥራ የሚጀምር ደግሞ ኤ7 ማርክ 3ን ከታምሮን 28-75 ጋር ይያዝ፤ ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው፣ ሰርግ አይደገምምና ይህ ቅንጦት አይደለም። አርፒ፣ አር8፣ የመጀመሪያው ዜድ6ና 6ዲ አንድ ማስገቢያ ብቻ ናቸው። 5ዲ ማርክ 3 ሁለት አለው፣ ሆኖም የኤስዲ ካርዱ ማስገቢያ ቀርፋፋ ስለሆነ በሁለቱም ሲጽፍ ሌላኛው፣ የሲኤፍ ካርዱ፣ እሱን ይጠብቃል።

በትንሽ ገንዘብ ፎቶ መማር ለሚፈልግ ተማሪ አሁን ምርጡ ነገር ያገለገለ ዲኤስኤልአር ነው፤ 80ዲ ወይም ዲ7200 ከ50 ኤፍ 1.8 ጋር። ባለቤቶቻቸው ወደ ሚረርለስ ሲሸሹ ዋጋቸው የወረደው ለገዢ ሲሳይ ነው። ስቱዲዮ ፍላሽ ሊጠቀም ካሰበ ግን ከካኖን 250ዲ ይራቅ፤ ሆት ሹው (ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ) የመሃል ነጥቡ ስለሌለው ርካሽ ትሪገር አያበራም። አር50ም ያለ ካኖን ማገናኛ ተመሳሳይ ችግር አለበት።

ፊቱን ወደ ካሜራ አዙሮ ብቻውን የሚቀርጽ አር50ን ወይም ሶኒ ዜድቪ-ኢ10ን ይመልከት፤ ሶኒው ቪውፋይንደር የለውም፣ ሁለቱም በቦዲ ማረጋጊያ የላቸውም፣ ስለዚህ እየተራመዱ መቅረጽ ከሆነ ጊምባል (ካሜራውን የሚያረጋጋ እጀታ) ይጨመር ወይም ወደ ፉጂፊልም ኤክስ-ኤስ20 ይወጣ። የፉጂ ቀለም ቀጥታ ከካሜራው ለደንበኛ ለመላክ ይመቻል። የዱር እንስሳና ወፍ ለሚያነሳ ረጅም ሌንስ ነው ወሳኙ፤ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር 400ውን በኒኮንና በሶኒ እንደ 600፣ በካኖን እንደ 640 ስለሚያሳየው በትንሽ ገንዘብ ሩቅ ይደርሳል።

ያገለገለ ሲገዛ

የራሳችሁን ካርድና ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16 ላይ ከፎከስ ውጭ የሆነ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱና ፎቶውን አጉሉት፤ በመንፊያ የሚለቅ ነጥብ አቧራ ነው፣ የማይለቅ ቅባት ወይም ጭረት ሊሆን ይችላል። ሌንሱን ከድናችሁ አይኤስኦ 1600 ላይ አንድ ጥቁር ፎቶ አንሱ፤ ቀይና ሰማያዊ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ የተበላሹ ፒክስሎች ናቸው። ኒኮን የሻተሩን ቁጥር በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ካኖን 6ዲና 5ዲ ግን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው በፕሮግራም ነው የሚነበቡት። የ5ዲ ማርክ 3 ሻተር የተሠራው ለ150,000፣ የኤ7 ማርክ 3 ለ200,000 ነው፤ ከዚያ ያለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት ባይሆንም የሻተር መቀየሪያ ዋጋ ከመሸጫው ይቀነስ። 5ዲ ማርክ 3 ላይ የሲኤፍ ማስገቢያውን በባትሪ ብርሃን አይታችሁ የጎበጠ መርፌ ካለ ተዉት። ማረጋጊያ ያለውን ካሜራ በእጃችሁ ይዛችሁ ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ምስሉ በራሱ ቢዘል ወይም ውስጡ ቢያንገራግር ሴንሰሩ ተመቷል። ስክሪኑን እንደበራ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፣ ቢጠፋና ቢመጣ ሪባን ኬብሉ ሊበጠስ ነው። ፍላሽ ሰክታችሁ አብሩ። ሶኒ ከሆነ ሜኑውን ገብታችሁ ቋንቋውን እዩ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ጃፓንኛ ብቻ ነው ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚጨምርለት የሜኑ ምርጫም የለም። በጣም ረክሶ የተገኘ ኤ7 ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።